ነጯን ማዘዝ

ራሴን ፑል ስጫወት መጀመሪያ ያየሁት በሰው ስልክ ነው። አንዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሳላውቅ ቀርጾኝ ኖሮ፣ በማግስቱ ምሳ ላይ እየሳቀ አሳየኝ። አንድ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ክርኑን ወደ ጎን ገትሮ፣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ አወዛውዞ፣ ኳሷን በቅጡ ሳይመታት ገና ብድግ ይላል። ሌሎቹን መግፊያዋ ነጯ ኳስ የታለመላትን ስታ፣ ከጠርዝ ጠርዝ ተላግታ፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ራሷ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ሰውዬው እኔ ነኝ። ሽሮዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

መካነ ሰላም የሄድኩት በዝውውር ነው። እዚያ ዘመድ አልነበረኝም። ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ የኪራይ ክፍሌ ብቻ ነበር። በሄድኩ ሰሞን አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረኝ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ፑል ቤት ተጠጋሁ። በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ አንድ ደንዳና የእህል ነጋዴ አየኝና «ኧረ ግባ ወንድሜ! እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ? ዘንግ ስጡት!» አለ። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ የራሱን ተራ ለቀቀልኝ። በዚያች ከተማ ሰው እንደሆንኩ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ መልስ እግሬ ሌላ ቦታ አያውቅም።

ቤቱ ግን ያስጠላል። ወለሉ ላይ የጫት ገረባ እንደ ጉዝጓዝ ተነጥፏል፣ ምራቅም አለበት። የጠረጴዛው ጨርቅ በተቀደደበት ሁሉ ፕላስተር ተለጥፎበታል። የዘንጎቹን ጫፍ ጫማ ሰፊ በቆዳ ቁራጭ ጠግኖታል። ነጯ ነጭ የምትባለው በስም ነው፤ መልኳ የአጫሽ ጥርስ ነው። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት አመታታቸውን ነው። እዚያ ቤት ጨዋታ ማለት ጉልበት ማለት ነው። የሚመታው ሰው ከወገቡ ተነሥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጠላት የሚወጋ ይመስል ይሰነዝራል። ነጯ ዘላ አግዳሚ ወንበር ሥር ስትገባ ቤቱ ያጨበጭባል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ያወጣትና ሱሪው ላይ ጠርጎ ይመልሳታል።

ሕጉ ቀላል ነው። ያሸነፈ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፤ የተሸነፈ ለሚቀጥለው ተጫዋች ኳሶቹን ይደረድርና ይወጣል። ሲደረድር ቤቱ በሙሉ «ደርድር! ደርድር!» እያለ ይጮኽበታል። ያን ክረምት ስደረድር ነው የከረምኩት። ነጋዴው ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ «አብሽር ወንድሜ፣ ለነገ ያውልህ» ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝም ከሱቃቸው ሆነው «ደርዳሪው! ደኅና ዋልክ?» ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ያንን ምስል ካየሁ በኋላ ግን አላስቻለኝም። ለመሸነፉስ ግድ አልነበረኝም፤ ያንን ሰውዬ ሆኖ መኖሩ ነው የከበደኝ። ስልኬ ላይ የደኅና ተጫዋቾችን አመታት እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ። ኔትዎርኩ በመጣ ቁጥር ቁርጥራጭ እያየሁ፣ ሲጠፋ ያየሁትን እያሰላሰልኩ ተማርኩ። ነገሩ ጉልበት አይፈልግም። ክንድ ከክርን በታች ብቻ ነው የሚወዛወዘው፣ እንደ በር። ክርን ከቦታው አይነቃነቅም። አገጭ ዘንጉን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ዘንጉ ኳሷን ነክቶ አይቆምም፣ አልፎ ይሄዳል። ኳሷ እስክትቆም ድረስ ደግሞ ራስ ቀና አይልም።

የኪራይ ክፍሌ ውስጥ አንድ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩና፣ ቀጠን ያለ የመጥረጊያ እንጨት በአፉ ማስገባትና ማውጣት ጀመርኩ። ከንፈሩን ሳይነካ መግባት አለበት። ከነካ ጠርሙሱ ይንቀጫቀጫል፣ ክርኔ ጠማማ ነው ማለት ነው። አከራዬ አንድ ጠዋት በሩን ከፍተው አዩኝና ደንግጠው ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ጠርሙሱ ምን በደለህ?» አሉኝ።

«እጄን እያስተካከልኩ ነው።»

«እጅህማ ደኅና ነው። ሌላው ነው እንጂ ዱአ የሚያስፈልገው» ብለው ከንፈራቸውን እየመጠጡ ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ባለቤቱ ፑል ቤቱን ይከፍትልኛል። ከቢሮ ያመጣሁትን ወረቀት ጨርቁ ላይ አነጥፍና ነጯን እዚያ ላይ ለማስቀመጥ እታገላለሁ። ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ስመታት ሌላዋን ኳስ ገጭታ እዚያው ትቆማለች። ከፍ ካደረግሁት ተከትላ ትሄዳለች። በጣም ዝቅ አድርጌ ዘንጉን ካሳለፍኩት እንደ ተጠራች ወደ እኔ ትመለሳለች። መጀመሪያ የተመለሰችልኝ ዕለት ብቻዬን ጮኽኩ። አንዲት ኳስ ማስገባት ማንም ያደርገዋል። ዋናው ነገር ከገባች በኋላ ነጯ ለሚቀጥለው ምት የት ትቆማለች የሚለው ነው። ይህ ሲገባኝ የጓደኞቼ ጨዋታ ይባስ አቅለሸለሸኝ።

ከዚያ ማሸነፍ ጀመርኩ። ነጋዴውን አሸነፍኩት። ቀጥሎ የመጣውን፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣውንም አሸነፍኩ። ጠረጴዛው ላይ ቆየሁ፤ እነሱ ተራ በተራ ደረደሩ። መጀመሪያ «ደርድር!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ሳሳ። ድምፅ በሌለው ምት ኳስ ሲገባ ማን ያጨበጭባል? ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ አንዱ ያዛጋል። ነጋዴው አንድ ቀን ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ የሒሳብ ፈተና?» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ጠረጴዛው «ተይዟል» መባል ጀመረ። ስገባ ተይዟል፤ ተቀምጬ ስጠብቅ ለሌላ ሰው ተይዟል። አንድ ቀን ማንም ሳይጫወትበት ተይዟል ተባልኩ። መንገድ ላይም ደርዳሪው የሚለኝ ቀረ። «ሰላም ነው?» ይሉና መልሴን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ እኔም ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ስጫወት የሚያሸንፈኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገብቼ እጋደማለሁ። ከአከራዬ በቀር ቃል የምለዋወጠው ሰው ሳይኖር ሰንበት ያልፋል። ጠላኋቸው። ጉልበታቸውን፣ ምራቃቸውን፣ ሽንፈት የማይችል አንጀታቸውን ጠላሁ። ግን በሩ አጠገብ ሳልፍ የሳቃቸው ድምፅ እግሬን ይይዘው ነበር፤ ይህንንም ጠላሁት።

በመጨረሻ ባለቤቱ ነገሩን አፍረጠረጠው። አንገቱ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ ሰው ነው፣ ሲምል ግን እንደ አገሩ ሰው ነው።

«አትቀየመኝ ወንድሜ፣ ወላሂ እወድሃለሁ» አለኝ። «አንተ ስትገባ ግን ሰው ይወጣብኛል። አንዳንዴ ልቀቅላቸው እንጂ ምን አለበት? እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል።»

«እያወቅሁ ልሸነፍ?»

«እነሱ አይወቁ እንጂ አንተማ እወቅ» አለና ብርጭቆ ወደ ማጠቡ ተመለሰ።

ተናድጄ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ርካሽ ምክር ሰምቼ አላውቅም አልኩ። ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

በሳምንቱ እሁድ ከሰዓት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ። መጠለያ ፍለጋ የገባሁበት በር ያው ሆነ። ቤቱ ሞልቷል። በዝናቡ ምክንያት የሚሄድበት የሌለው ሁሉ እዚያ ነው። ነጋዴው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁሉንም አሸንፎ የሚገጥመው ጠፍቶ ዙሪያውን ያያል። ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈና ፊቱን አኮሳተረ። ምርጫ አልነበረውም። «እሺ በል፣ ና» አለኝ።

ተጫወትን። የሱ ኳሶች ገና ጠረጴዛው ላይ ተበትነው ሳለ የኔዎቹ አለቁ። የቀረችኝ ጨዋታውን የምትዘጋው ጥቁሯ ብቻ ናት። እሷም መሃል ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ባንዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ እፍ ቢሏት የምትገባ ትመስላለች። ወደ ግድግዳው ቀና ስል አንዱ ስልኩን ሲያወጣ፣ ሌላው የዝናቡን ማባራት በመስኮት ሲያይ አየሁ። ነጋዴው ለመደርደር ወደ ሦስት ማዕዘኑ ፍሬም እጁን ዘርግቷል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም። ይህችን ካስገባሁ የሚሆነውን አወቅሁት። ዝናቡ ሲያባራ ይወጣሉ፤ ነገ ጠረጴዛው ይያዛል፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ እጋደማለሁ።

ጥቁሯን ስታስገባ ነጯም ተከትላ ከገባች ተሸናፊ ነህ። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ጎንበስ አልኩ። ጥቁሯን በስሱ ልንካት፣ ነጯ ጠርዙን ነክታ ትዙር፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በቁመቱ ሄዳ ማዶ ካለው ጥግ ቀዳዳ ትግባ። ፍጥነቷ ካነሰ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ከበዛ የቀዳዳውን ከንፈር መትታ ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ምት ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም ሳያየኝ እንኳ፣ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ዘንጉ ኳሷን አልፎ በቀጥታ ሄደ። ጥቁሯ ገባች። ነጯ ጠርዙን ነካች፣ ዞረች፣ በዚያ ፕላስተር በተለጣጠፈ ጨርቅ ላይ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ልትቆም ስትል ወደቀች።

ቤቱ ፈነዳ። በረዶው ቆርቆሮ ላይ የሚያሰማውን ጩኸት ዋጡት። «ደርድር! ደርድር! ደርዳሪው!» አንዱ አንገቴን አቀፈኝ። ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ብርጭቆ ያጥባል። ነጋዴው ዘንጉን ጥሎ መጥቶ ጨበጠኝ፤ ፊቱ በርቷል። «ለወንድሜ ሻይ!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቴ ከመታሁት ምት ሁሉ የላቀው ያ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የገባው የለም። ጎንበስ ብዬ ኳሶቹን መደርደር ጀመርኩ።

ነጋዴው ከጎኔ ቆመ። ትከሻዬን አቀፈና በጆሮዬ፣ ለብቻዬ፣ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ተጠንቅቆ ተናገረ።

«አየህ ወንድሜ፣ አትከፋ። እኔም ያለፍኩት በዚሁ ነው። አንተ ኳስ ማስገባቱን ታውቃለህ፣ ወላሂ ታውቃለህ። ችግርህ ነጯ ናት። ነጯን ማዘዝ አትችልም።»

ዓይኑ ውስጥ ተንኮል ፈለግሁ፤ የለም። ያዘነልኝ ከልቡ ነው። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ከሥራ መልስ ና» አለኝ። «እኔ ራሴ አስተምርሃለሁ።»

የመጨረሻዋን ኳስ ፍሬሙ ውስጥ አስገባሁና «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት።