የመሪጌታ ዝምታ

ዶክተር ጸደንያ የነርቭ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው አልወደደችውም። አዲስ አበባ የመጣችው የልብ ስፔሻሊስት ለመሆን ነው። የልቡን ትምህርት አቋርጣ ለጥቂት ወራት ወደ አንጎልና ነርቭ ክፍል እንድትዛወር ሲመድቧት፣ «እኔን በጭንቅላት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገኝ?» ብላ አጉረመረመች። የትውልድ አገሯ የመካነ ሰላም ሰው ደግሞ አንዴ ካኮረፈ በቀላሉ አይመለስም። «ምላስዎን ያውጡ፣ ጣቴን ይጨብጡ» እያለች ስትውል ቀኑ አልገፋ ይላት ነበር።

አስተማሪዋ ዶክተር ይሄነው ግን ኩርፊያዋን በቀልድ ያልፉታል። «እናንተ የልብ ሰዎች፣» ይላሉ፣ «ልብ የረጋ ደም ሲልክ ተቀባዩ አንጎል ነው። ላኪውን ብቻ አውቃችሁ የት ልትደርሱ ነው?»

ይህን ሲሉ አባቷ ትዝ ይሏታል። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ድምፃቸው በአካባቢው የታወቀ የዜማ መምህር ናቸው። ለትንሣኤ ቤት ሄዳ ደረታቸውን ብታዳምጥ የልባቸው ምት እንደ ሰካራም እርምጃ ይወለጋገዳል። አብረዋት እንዲመጡ ለመነቻቸው፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት በየጊዜው እያስመረመሩ የሚወሰድ ስለሆነ እዚያው ልታስጀምራቸው አልቻለችም። እሳቸው ግን «ፍልሰታን ሳላገለግል የት እሄዳለሁ? ጾሙ ይፈታና እመጣለሁ» አሏት። በሱባኤ ነገር ከአባቷ ጋር መሟገት አልሆነላትም።

ፍልሰታ ገባ። በደወለች ቁጥር ስልኩን የሚያነሡት እናቷ ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው። «አባትሽ ዘንድሮ አርምሞ ይዘዋል፤ ከሰው ጋር ቃል አይተነፍሱም» አሏት። በሱባኤ አንደበትን መዝጋት ባገራቸው የብርታት ምልክት ነው፤ ታመው ይሆን ብሎ የሚጠረጥር የለም። ደግሞም ከጓዳው የመሪጌታ ዜማ በስልኩ ይሰማ ነበር፤ ያንን ድምፅ ስትሰማ ሆዷ ይረጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ዶክተር ይሄነው ተማሪዎቻቸውን ሼህ አራጌ ከሚባሉ አዛውንት አልጋ አጠገብ ሰበሰቡ። የረጋ ደም ከልባቸው ተነሥቶ የአንጎላቸውን ግራ ጎን መትቶታል፤ ቀኝ እጃቸውም አልታዘዝ ብሏል። «ስምዎ ማን ነው?» ሲሏቸው ሼሁ ታገሉ፣ አላባቸው፤ አንድም ቃል አልወጣም። ዶክተሩ ወደ ልጃቸው ወደ ኢልሀም ዞረው «እስኪ መንዙማ ጀምሪላቸው» አሉ። ኢልሀም ጀመረች። አባቷ ተቀበሏት፤ ቃሉ ሁሉ እየጠራ፣ ሳይደናቀፍ ወጣ።

«ንግግርና ዜማ በአንጎል ውስጥ አንድ ቤት አያድሩም፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ሊተርፍ ይችላል» አሉ ዶክተር ይሄነው።

ተማሪዎቹ ተገርመው ፈገግ አሉ። ጸደንያ ግን ከክፍሉ ወጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች።

«እማ፣ አባባ አርምሞ እይዛለሁ ብለው ነግረውሽ ነው?»

«አርምሞ ተይዞ ይወራል እንዴ? አንድ ቀን ጧት ዝም ብለው ተነሡ እንጂ።»

«ቀኝ እጃቸውስ?»

«መቋሚያውን በግራ አድርገውታል። ጾሙ አድክሟቸው ይሆናል።»

ጸደንያ እያለቀሰች ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ይወሰዱ አለች።

«በምን ልጄ? መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና ከቆመ ሰነበተ። ደግሞስ ሱባኤ ይፈታል? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።»

ሰው የአርምሞ ሰው አይረብሽም። አባቷ ይህን ሁሉ ቀን «ድረሱልኝ» ለማለት ሲታገሉ፣ ያገኛቸው ሁሉ እጅ ነሥቶ አልፏቸዋል። ይህ አሁን ገባት።

«ስልኩን ስጫቸው። ስሜን ብቻ ይጥሩ።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸና የአባቷ ትንፋሽ መጣ።

«አባባ፣ ጸደንያ ነኝ። ጸደንያ ይበሉኝ።»

አንድ ድምፅ ከጉሮሯቸው ተነሥቶ ተሰበረ። እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ተሰበረ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ እሷው «ይተዉት አባባ፣ ይተዉት» አለቻቸው። ከዚያ በልጅነቷ ሲያስተኟት ያዜሙላት የነበረውን የአራራይ ዜማ ጀመሩ። ቃሉ አልጎደለም፣ ዜማውም አልተዛነፈ፤ እያለቀሱ እንደሚያዜሙ ግን ጆሮዋ ለይቶታል። የልቡንም የአንጎሉንም ትምህርት ተምራለች፤ ማድረግ የምትችለው ግን ስልኩን አለመዝጋት ብቻ ነበር።

ከወዲያ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«ሰማሽ አይደል? ደህና ናቸው እኮ።»