ላስቲኩ ያልተላጠ ካሜራ

እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ጁባ፣ ጀበል ሰፈር ካለችው ምግብ ቤቴ የበላ ሁሉ ይመሰክራል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ሰባት፣ ናፍጣ ተሰልፈውም በማይገኝበት ሰሞን፣ ጓሮ ያስቀመጥኩት በርሜል ጠዋት ጠዋት ጎድሎ ይጠብቀኝ ጀመር። የከተማው መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ፍሪጁ የለ፣ ውሃው የለ፣ እኔም የለሁ። «ቆይ፣ ባልይዘው!» አልኩና ካሜራ ገዛሁ።

የገጠመልኝ ባለሙያ ከጓሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሲያበቃ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሊልጥ እጁን ሰደደ። «ተው! አቧራ ይጨርሰዋል!» ብዬ ጮህኩበት። እኛ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይነሳማ! የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ነው፤ የፍሪጁ በር ከነላስቲኩ ነው፤ ወንበሮቹም ላስቲካቸው በራሱ ጊዜ ተቀዶ እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ቀን ቀን ምስሉ ደህና ነበር። የሌሊቱን ጠዋት ስከፍተው ግን ወተት የተደፋበት ይመስላል። በዚያ ነጭ ውስጥ አንድ ረጅም ጥላ በርሜሉ ላይ ሲያጎነብስ ይታያል፤ ፊት የለውም። የኋላዋን ክፍል የተከራየኝ ያገሬ ልጅ ነበር፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ነው የምንሄደው። ጠርቼ አሳየሁት። «ኧረ ዘበኛሽ ነው! ቁመቱን አታዪም እንዴ? ሌላ ማን ሊሆን!» አለኝ።

ዘበኛዬ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ አድጎ፣ አማርኛውን እዚያው ለምዶ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ወደ አገሩ የተመለሰ የልጆች አባት። ረጅምስ ረጅም ነው፤ ግን በዚህ ከተማ ረጅም ያልሆነ ማን አለ? ተከራዬ ራሱ በር ሲገባ ጎንበስ ይል የለ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ጠርቼ አባረርኩት። «ሌባ!» አልኩት። ያልገባው ሰው እንዳይኖር ብዬ በጁባ ዐረብኛም «ሀራሚ!» እያልኩ ደገምኩት። እሱ አልጮኸም። «እትዬ፣ ፊቱን ሳታዪ?» አለኝና የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በሳምንቱ በርሜሉ እንደገና ጎደለ። ክው አልኩ። ዘበኛው ከሄደ ማን ቀዳው? «ፊቱን ሳታዪ?» ያለው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የሰው ስም በከንቱ አጥፍቼ ከሆነማ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ያንን ፊት አጥርቼ ለማየት ተነሳሁ።

አምፖል ጨመርኩ፤ ያው ነጭ። ካሜራውን ኖራ ከተቀባው ግድግዳ አራቅሁት፤ ያው ነጭ። መሰላል ላይ ወጥቼ አዞርኩት፣ ዝቅ አደረግሁት፣ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። አሁንም ያው! በመጨረሻ እልህ ይዞኝ ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «ላስቲኩን አነሳሽው?» አለኝ። «አላነሳሁም» አልኩት። «ካሜራው ማታ ለእኛ የማይታይ የራሱ ብርሃን አለው። ብርሃኑ ላስቲኩ ላይ ነጥሮ ይመለስና ራሱን ያሳውረዋል» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልኩን ሳልዘጋ ወጥቼ በጥፍሬ ላጥኩት።

በሦስተኛው ጠዋት ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። የአጥሩ ሽቦ እንኳ ይቆጠራል። ያገሬ ልጅ ተንበርክኮ፣ ቱቦ በአፉ ይዞ፣ ናፍጣዬን ወደ ጀሪካን ይስባል። ካሜራው እንደማያይ ያውቃላ፣ እኔው አሳይቼው! ሻንጣውን በገዛ እጄ መንገድ ላይ ወረወርኩለት። እሱ ከሄደ በኋላ ንዴቱ በረደልኝና ሐፍረቱ ብቻ ቀረ።

ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻገርኩና ዘበኛዬ ወደሚኖርበት ጉምቦ ሰፈር ወረድኩ። ደጃፉ ላይ ጭቃ እያቦካ ግድግዳውን ሲመርግ አገኘሁት። «በድዬሃለሁ፤ ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ቪዲዮውን እንዲያይ ስልኬን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«አለመስረቄን እኔ አውቃለሁ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «ሀራሚ ስትይኝ ለሰሙት አሳዪ። ከእነሱ ውስጥ የሰፈሬ ሰዎች ነበሩ። ሚስቴ ገበያ ስትወጣ የሀራሚ ሚስት እየተባለች ነው።»

«ነገ ምሳ ሰዓት ና» አልኩት።

በማግስቱ ቤቱ ሲሞላ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን ኳስ አጠፋሁ። አንዱ ደንበኛ «ምን ነካሽ!» ብሎ ተነጫነጨ። «ኳሱ ይቆያል!» አልኩና ቪዲዮውን ለቀቅሁት። «ሌባው ይሄ ነው። እኔ ግን ሌባ ያልኩት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ነው። ፊት ሳላይ ስሙን አጠፋሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። በዐረብኛም ደገምኩት። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። እሱም ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሥራህ አለ፤ ከዛሬ ጀምረህ ግባ» አልኩት።

«እሱን እናያለን» አለና መሃል ካለው ጠረጴዛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መጀመሪያ ምሳ አምጪልኝ።»

ሰሃኑን ራሴ አቀረብኩለት። ፊቱ ሳስቀምጥ ነው የገባኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን ስልክለት የኖርኩት ወደ አጥር በሩ ነው። አንድም ቀን ግባ፣ ተቀመጥ ብዬው አላውቅም።