ሪባኑ ያልተቆረጠው ማረፊያ

አብተውን የማውቀው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ነው። ለአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ይይዝ ነበር። ነጋዴው ሲስቅ ይስቃል፣ ሲኮሳተር ይኮሳተራል፣ ሊያስነጥሰው ሲል "ይማርዎ" ለማለት ቀድሞ ይነሳል። አብዮቱ መጣና ነጋዴው ታሰረ፤ የኛው አብተው ካኪ ለብሶ ብቅ አለ። ጌታ ለወጠ እንጂ ሰውዬው ያው ነው። ወላሂ፣ አጎንብሶ ያደገ ወገብ በሹመት አይቃናም።

እኔ ዘይቡ፣ ከጅማ ሊሙ ገነት በሚወስደው መንገድ ድልድዩ አጠገብ ሻይና ቂጣ እሸጣለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ በድልድዩ ላይ ይፈስሳል፤ መኪናው ይቆማል፣ መንገደኛው ዝናብ ይወርድበታል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ለመንገደኛ ማረፊያ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ መጠለያ የሚሆን ቤት አቅዳችሁ ሥሩ ተባለ። ነገሩ መልካም ነበር። ክፋቱ ዕቅዱ አብተው እጅ መውደቁ ነው።

ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። መጀመሪያ የታቀደው መፈክሩ የሚጻፍበት ግድግዳ ነው። ሽንት ቤት ተረስቶ በእኛ በሴቶቹ ጩኸት ተጨመረ። ግንዱን ተሸከምን፣ ጭቃውን ረገጥን፣ ቆርቆሮውን አዋጥተን ሰኔ ላይ ጨረስነው። ሰፊና ደረቅ ቤት ነው፤ ብርድ ልብስና እህልም ገባበት። አብተው በሩ ላይ ቀይ ሪባን ወጠረና ቆለፈው! መስከረም ሁለት ቀን ከክፍለ ሀገር እንግዳ መጥቶ ሪባኑን ሳይቆርጥ ማንም እግሩን አያስገባም አለን። ክረምቱስ እስከዚያ ይጠብቀናል ወይ ብንለው ሥነ ሥርዓት ነው አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሊሙ ገነት የሚመጣውን አውቶቡስ ውሃው አገደው። ከወረዱት መካከል እታገኝ ነበረች፣ የአብተው ሚስት። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ለመውለድ ሊሙ ገነት እናቷ ቤት ገብታ ነበር፤ ምጡ ሲከብድ እናቷ ወደ ጅማ ሆስፒታል ይዘዋት ሲወርዱ እኛው ጋ ቀሩ። የአብተው ቤት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። አብተው ከጽሕፈት ቤቱ ጥላ ዘርግቶ መጣ።

መንገደኛው ሁሉ ክፈት አለው። አማቱ እግሩ ላይ ወደቁ። እኔም ሴትዮዋ ልትሞትብህ ነው ብዬ ለመንኩት። ወደ ጎን ወሰደኝና ድምፁን ቀነሰ።

"ዘይቡ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት እከፍት ነበር" አለኝ። "ለሚስቱ ብሎ ከፈተ ከተባልኩ ሂስና ግለ ሂስ ላይ ምን እመልሳለሁ?"

ጉድ እኮ ነው! ሚስቱ ስለሆነች ነው የማይከፍትላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄ ግን ሞኝ እንኳ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ናቅሁት። ድምፁን ቢቀንስም እታገኝ ሰምታው ኖሮ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ክንዷን ወደ እኔ ዘረጋች።

ወደ እኔ ጎጆ ወሰድናት። ጣራዬ ያፈስሳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከላይዋ ወጥረው ያዙላት፣ እናቷ ከኋላ ደገፏት፣ እኔ ተቀበልኩ። ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ጠቁሮ ወጣ። እስኪያለቅስ ድረስ የሆንኩትን አላህ ያውቃል። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀሰ። አብተው ከደጅ ሆኖ ወንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

እታገኝ እናቷ ቤት ተመልሳ ታረሰች። ለምርቃቱ ጊዜ አብተው ልኮ አስመጣት። እንግዳው መጣ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ አብተው ንግግር አደረገ። ቤቱ ገና ሳይመረቅ ጎርፍ ያገዳቸውን መንገደኞች አስጠልሏል፣ አንዲት እናትም በሰላም ተገላግላበታለች አለና ጣቱን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። እንግዳው ፈገግ ብሎ ቤቱ ተመችቶሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እኔ የወለድኩት ዘይቡ ጎጆ ውስጥ ነው" አለች፣ ሁሉም እየሰማ። "ይሄ ቤት ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ባሌ ኪስ ውስጥ ነበር።"

አብተው ማጨብጨብ ጀመረ። ማንም አልተከተለውም። እታገኝ ልጇን ታቅፋ ወደ ሊሙ ገነት የሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ስትወጣ እንኳ፣ እሱ ዓይኑን ከእንግዳው ሳይነቅል ያጨበጭብ ነበር።