ኮከቤን ያስነቀለኝ ማሽላ

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ክፍላችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ጨፋ ሜዳ ዳር ሰፍሮ ነበር። ሻለቃችን ቁርጥ ያለ ሰው ነው። የገበሬ አዝመራ የነካ መኮንን ማዕረጉን ሰልፍ ፊት ይገፈፋል ብሎናል፤ ያለውን ደግሞ ያደርጋል።

እኔ አስፋልት ላይ ያደግሁ መቶ አለቃ ነኝ። መኪኖቹን ከጠላት ዓይን በቅጠል እንድሸፍን ታዘዝሁ። ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ረጅም ሸምበቆ አሳጨድሁና አሳምሬ ሸፈንኋቸው። ኮራሁ እንጂ! ከወታደሮቼ ግማሾቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ግን መኮንን ያዘዘው አይጠየቅምና ትንፍሽ ሳይሉ አጨዱ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። መኪኖቹን ዞረው አዩና፣ “ያ ረቢ! ማሽላዬን ነው እንዴ ያለበሳችሁት?” አሉ።

ሸምበቆ ያልሁት ለካ ማሽላ ኖሯል! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሻለቃው ወዲያው ሰልፍ አስጠራና ኮከቦቼን በገዛ እጁ ነቀለ። ያን ማዕረግ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ የማውቅ እኔ ነኝ፤ እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። “ሻለቃ፣ ኮከቡን ብትነቅለው ማሽላዬ መልሶ አይበቅልልኝ። ሰውዬውን ስጠኝ፣ የቀረውን ከወፍ ይጠብቅልኝ።”

ሻለቃው አሰበና ኮከቦቹን ኪሱ ከተተ። “አዝመራው እስኪገባ ይጠብቃል። ማዕረጉን የሚያገኘው እርስዎ ይበቃዋል ካሉ ብቻ ነው።”

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የወነጨፍሁት ድንጋይ የራሴን ማጅራት አገኘው። ሽማግሌው፣ “አብሽር ልጄ፣ ወፉም ይለምድሃል” እያሉ ይስቁብኛል። ወታደሮቹ ሲያልፉ፣ “መቶ አለቃ፣ ጠላት በስተግራ!” ይሉኛል፤ እኔም ከላይ ሆኜ እሳደባለሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሁሉ ጦርነት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከሽማግሌው ጋር የማሽላ ቂጣ በወተት እየበላን ስለ በሬዎቻቸው ያወሩኛል።

አጨዳው ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ ሰፈሩ መጡ። ሻለቃው ሰልፍ ፊት፣ “ይበቃዋል ይላሉ?” አላቸው።

“ወፉ እንኳ ንቆት ነበር” አሉ። “እሱ ግን አንድ ጠዋት አልቀረም። ይበቃዋል።”

ሻለቃው ኮከቦቹን አውጥቶ ለሳቸው ሰጣቸው። “እንግዲያው እርስዎ ያድርጉለት።”

ማጭድ ባሻከራቸው ጣቶቻቸው ሰኩልኝ። ሁሉም ተንጋደዋል። ያልተቆለፈ ቁልፍ አይቶ የማይምረው ሻለቃ ትከሻዬን አየና አለፈ። እኔም እስከ ማታ አላቃናኋቸውም።