«አላገባችም» ብለው የፈረሙልኝ ሦስት ሰዎች

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሦስት እሁድ ስሜን አስመዝግቤ ሦስቱንም ጊዜ ሹልክ ብዬ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልናገር አልወርድም። ስሙ ይባረክ! ነገሩ አንዳንዶቻችሁንም ይነካል፤ መሬት መሬት ብታዩ አልቀየምም።

እኔና ምትኩ የተጋባነው እዚሁ አዳራሽ ነው። ቆጮውን የበላችሁ ታውቃላችሁ። በሃያ ቀኑ ወደሚሠራበት ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ማዘጋጃ ሄደን መፈራረሙ ዛሬ ነገ ስንል ቀረ። እኔም ኮፒ ቤቴ ቁጭ ብዬ የገባውን ደንበኛ ሁሉ ስለ ቪዛ እጠይቃለሁ። አንዱ «በጉብኝት ግቢና እዚያው ቅሪ» ይላል፤ ሌላው «በሚስትነት ነው እንጂ» ይላል። በመጨረሻ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ተገኘ። «በሚስትነት ይረዝማል፤ በእጮኝነት ይፈጥናል። በወረቀት መቼ አገባችሁና?» አለን። ደስ አለን! ሰይጣን እኮ ቀንድ አብቅሎ አይመጣም፤ ፎርም ይዞ ነው የሚመጣው።

ለእጮኛ ደግሞ «ያላገባች» የሚል የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለደብዳቤው ሦስት ምስክር። ማመልከቻውን በገዛ እጄ ተየብኩት። ሦስቱም ምስክሮች ሰርጌ ላይ የበሉ ናቸው! አንዱማ የጸለዩልን ሽማግሌ፣ ጋሽ አደሎ ናቸው። «ለልጅቷ እንጀራ ነው» ብለው ፈረሙ።

ከዚያ ጀመረኝ። ልቤ ይመታል፣ እህል አይወርድልኝም፣ ሰው በሩን ሲገፋ ክው እላለሁ። የሰርግ ፎቶዬን ከፌስቡክ አጠፋሁ፤ እህቴን «አንቺም አጥፊ!» ብዬ ተጣላኋት። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሩ ደሜንም ልቤንም መርምሮ፣ «እህቴ፣ በሽታ አላገኘሁብሽም። የሚያስፈራሽ ነገር አለ?» አለኝ። «ምን አገባህ!» ብዬው ወጣሁ። ይቅር ይበለኝ። ዘማሪ ነበርኩ እኮ! ግን ጌታን አላውቀውም ነበር ወገኖቼ።

የኤምባሲው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ አደሎ ሱቄ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው እንቢ አሉ።

«ልጄ፣ ስትጋቡ የጸለይኩት እኔ ነኝ፤ አላገባችም ብዬ የፈረምኩትም እኔው። ከዚያ ወዲህ ልጸልይ ስል አፌ ይያዛል። ፊርማዬን ላነሳ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ሚስትዎ ባሕር ማዶ ብትሆን እንዲህ ይሉ ነበር?» አልኳቸው። እሳቸው ቆመው አለቀሱ። የአባቴ እኩያ እፊቴ ሲያለቅስ! ሲወጡ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ባሌን ክጄ ነው ወደ ባሌ የምሄደው?» አልኩ። ሃሌ ሉያ በሉ! ያ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ለቀቀኝ። ጌታን ያን ቀን፣ እዚያ ወለል ላይ ተቀበልኩት።

ለምትኩ ደወልኩና ነገርኩት። «አብደሻል? ከዜሮ ልንጀምር?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔና ጋሽ አደሎ ግን ቀበሌ ሄደን ደብዳቤውን መለስን። ጸሐፊዋ «ይሄን የሚያወጣ እንጂ የሚመልስ አይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀች።

ምትኩ አምስት ቀን አልደወለም። ትዳሬ ያበቃ መሰለኝ፤ እምነት ነበረኝ ብዬ አልዋሻችሁም፣ ከሱቅ ቤት ከቤት ሱቅ ስመላለስ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ቀን ደወለ።

«ከቪዛው ወረቀት ጋር እንዳይጋጭብን ብዬ፣ ሥራ ቦታ ሲጠይቁኝ አላገባሁም እል ነበር» አለኝ። «ዛሬ ግን ሚስት አለችኝ፣ የምትኖረውም ቦንጋ ነው አልኳቸው።» ክብር ለጌታ! የእጮኝነቱን ማመልከቻ ራሱ አሰረዘው። መጣና ጋብቻችንን አስመዘገብን፣ እሱም በሚስትነት እንደ አዲስ አመለከተ።

መልሱ ገና ነው። ስልክ ሲጮህ አሁንም ብድግ እላለሁ፤ ሰው ነኝ። ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እዘምራለሁ። ቪዛ የምትጠብቁ፣ ውሸት ይዛችሁ የተጨነቃችሁ፣ ጌታን እመኑት! በእውነት መዘግየት ይሻላል። እናንተም፣ እውነቱን ስለምታውቁ አፍራችሁ ስለ ባሌ መጠየቅ ትታችሁ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ ስታገኙኝ «ባለቤትሽ ደህና ነው?» በሉኝ።