ተቆርጦ የቀረው እልልታ

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ልጃችንን ልታርሳት ባሕር ዳር ከሄደች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። እኔም አብሬ ልሂድ ብል «አንተ ደግሞ እዚያ መጥተህ ሐኪሞቹን ልታስጨንቅ ነው?» ብላ ከለከለችኝ። በዚህም አላበቃች፤ ፀዳ ከተማ ካለው ቤታችን ብቻዬን እንዳልቀመጥ ለወንዱ ልጃችን ነግራ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ከአዲሱ ማረፊያ አንድ ክፍል አስያዘችልኝ። «ዓሣህን እያጠመድህ ጠብቅ» ነው ትእዛዙ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሚስቱን ካልታዘዘ ማንን ሊታዘዝ ነው?

እዚህ የመጣው ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይጎራረሳሉ። አስተናጋጁ ለምሳ ሁለት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ሰጠኝና «የሚመጣ ሰው አለ አባባ?» አለኝ። የለም አልሁት። የተጠበሰ ቀረሶ አመጣልኝ፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ከጎኑ። ስልኬን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ ዓሣው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ አፈጣለሁ። ልጃችን ምጥ የጀመራት ዛሬ ጧት ነው። አርፍዳ ነው ያገባችው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ። ጥሩወርቅ «ማዋለጃ ክፍል ገብታለች» ብላ ደወለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

ይህ ሐይቅ እንዲህ ቁጭ አድርጎ ሲያስጠብቀኝ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አዘዞ አስተምራለሁ። ከጥሩወርቅ ጋር ከተጋባን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖን፣ እሷ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጎንደር ቁስቋም፣ እናቷ ቤት ገብታለች። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው ከእናት ጓዳ ነው፤ ባል ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። ሸጋ ወግ ነው፣ መጠበቅ ለሚችል ሰው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሥራ የለኝም። በየቀኑ በዝናብ እየተደበደብሁ ከአዘዞ ቁስቋም እወጣና በር አንኳኳለሁ። «እንዴት ናት?» እላለሁ። «ደኅና ናት» ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አንድ ጊዜ እዞርና ተመልሼ «አሁንስ?» እላለሁ።

አማቴ እትዬ ዘርፌ ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ምላሳቸውም እንደዚያው። ሐኪም ቤት ትውለድ ብዬ ለመንኋቸው። «ስድስት ልጅ እዚሁ ጓዳ ወልጃለሁ፤ ማርያም እዚህም አለች» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኧረ ምነው አንተ ልጅ! የምትወልደው አንተ ነህ እንዴ?»

ምን ልበላቸው? እናቴ እኔን ወልዳ ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ አክስቴ እንደ ነገረችኝ፣ ጧት ስወለድ ወንድ ነውና ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። ቀኑ ሳይመሽ እናቴ አረፈች። እልል ያሉት ሴቶች ራሳቸው ናቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቀሱት። ይህን ለጥሩወርቅ ነግሬአታለሁ። ለእናቷ ግን ምጥ በሚጠበቅበት ቤት ቆሜ የሞት ወሬ እንዴት ላንሳ? ሟርት ነው። ስለዚህ እንደ ቂል መመላለሱን መረጥሁ።

እትዬ ዘርፌ ታላቅ ወንድማቸውን ጠሩ። አያ ደሴ ጎርጎራ፣ ከድሮው የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ፣ ጀልባ ጠባቂ ነበር። «ይኼን ሰው ወስደህ ዓሣ አስይዘው» አሉት። «እዚህ ሲንጎራደድ ልጄን ሊያስጨንቃት ነው። ስልክ አላችሁ አይደል? ስትወልድ ከጎረቤት እናስደውላለን።»

ጥሩወርቅ ሆዷን ይዛ እስከ በሩ ወጣች። እንድታስቀረኝ ዓይኗን ዓይኗን አየኋት።

«ሂድ» አለችኝ። «የምትፈራውን አውቃለሁ። ቀረሶ ይዘህልኝ ና፤ እሾሁን እኔ እለቅምልሃለሁ።»

እሾህ መልቀም እሷ ናት የምትችለው። እኔ ዓሣ እወዳለሁ እንጂ እሾሁን አላይም፤ ጣቶቿ ሥጋውን ፈልቀቅ አድርገው፣ አጥርተው ያጎርሱኛል። ይህን ሲያዩ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር፤ ይሳቁ።

መንገዱ ከአዘዞ ወጥቶ ደምቢያን አቋርጦ ይወርዳል። ፍልሰታ ተፈትታ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ቡቃያው እስከ ዓይን መድረሻ አረንጓዴ፣ ጭቃው ጥቁር። አውቶቡሱ ቆላ ድባ ሲደርስ አልሄድም አለና ቀሪውን በጭነት ማኪና፣ የመጨረሻውን ደግሞ በእግር ጨረስነው። አያ ደሴ ሱሪውን ጠቅልሎ ከፊቴ ይራመዳል፤ እኔ ጫማዬን ከጭቃ እየነቀልሁ እከተላለሁ። እሱ እቴ፣ ስድሳ ያለፈው ሰው አይመስልም።

ማረፊያው አምስት ስድስት ጎጆ፣ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ በእጅ የሚዘወር ስልክ ነበር። በክረምት የሚመጣ እንግዳ የለም። እኔ፣ አያ ደሴ፣ ከሐይቁ ማዶ ከጎጃም የመጣች ሳቂታ ወጥ ቤት፣ ሌላው ይብራ ነው፤ ያ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚዞር የሚመስለው ወፍ። ቀኑ አያልቅም። ጧት ከአያ ደሴ ጋር በደንገል ታንኳ እንወጣለን፤ ትል እንሰካለን፣ መንጠቆ እንጥላለን፣ እንጠብቃለን። እሱ ይይዛል፣ እኔ አልይዝም።

«አንተ ዓሣ ፍለጋ አልመጣህም» አለኝ በሦስተኛው ቀን። «ዓሣ ደግሞ ይኼን ያውቃል። ገመዱን እንዲህ ጨምድደህ ይዘህ ማን ይመጣልሃል? ለቀቅ አድርገው እንጂ።»

አልለቀቅሁም። ከስልኩ እንዳልርቅ ታንኳው ከዳር እንዳይወጣ እለምነዋለሁ። ምሳ ላይ ወጥ ቤቷ የዓሣ ወጥ ታቀርባለች፤ አንድ ቀን እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ደረቅ እንጀራ እየዋጥሁ እንባዬ ወረደ። ወጥ ቤቷ ደንግጣ «አመመህ መምህር?» ትለኛለች። ያመመኝ ሌላ ነው። ሚስቴ ናፈቀችኝ፣ በቃ። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ጠብታ «ስማው፣ ስማው» ማለቷ። ሰው በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያለ አንድ ሰው መብላት ያቅተዋል ብሎ ማን ይገምታል?

በአምስተኛው ቀን ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ ሆዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ቀረሶ ያዝሁ። ገና ከመንጠቆው ሳላላቅቀው ወጥ ቤቷ ከላይ ጮኸች፦ «መምህር! ከጎንደር ስልክ!»

ዓሣውን እንደ ያዝሁ ሮጥሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እጀታውን አንስቼ «ሀሎ! ሀሎ!» አልሁ። የሚያናግረኝ የለም፤ እልልታ ነው የመጣው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ ጭጭ።

ስልኩን ዘወርሁ፣ ዘወርሁ። በመጨረሻ ቆላ ድባ ያለች የስልክ ሠራተኛ «የጎንደር መስመር ተበላሽቷል ጌታዬ፤ ዝናቡ ነው» አለችኝ።

አያ ደሴና ወጥ ቤቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ቀጥሎ ክርክር። «ለሴት ሦስት ነው፤ አራት ካለ ሰባት ሊሞላ ሲል ነው የተቆረጠው። ሸጋ ወንድ!» አለ አያ ደሴ። ወጥ ቤቷ በጭራሽ! «በኛ አገር ለሴት አምስት ነው። ደዋይዋ የኛ አገር ሰው ብትሆንስ?» እየሳቁ ይሟገታሉ።

«እሷስ?» አልሁ።

«ማን እሷ?»

«ጥሩወርቅ።»

«እልል ተብሎ ሳለ ምን እሷስ ትላለህ?» አለ አያ ደሴ።

ያን ጊዜ ነገርሁት። ስለ ሰባቱ እልልታ፣ ስለ እናቴ፣ እልልታ ስለ ልጅ እንጂ ስለ ወላድ አንዳች እንደማይናገር። አላፈርሁም። አያ ደሴ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የእኔን ቀረሶ ከእጄ ወሰደና በገመድ አስሮ መልሶ አስያዘኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የዓሣው ማኪና አሁን ይነሳል። በል!»

ከሳጥኖቹ ላይ ተሰቅዬ ሄድሁ። ጯሒትን እንዳለፍን ማኪናው ሰመጠ። ገበሬዎች መጡ፣ ቅጠል ቆርጠን ከጎማው ሥር ጎዘጎዝን፣ ገፋን። እንደ እኔ የገፋ የለም። ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለኝም፤ እሷን ብቻ ካቆየሽልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ለቁስቋም ማርያም ተሳልሁ። በኋላ አግብቻለሁ፣ ደንበኛ ወርቀ ዘቦ። ሹፌሩ ግን ሰውነቴን ሁሉ ጭቃ አይቶ «መምህር፣ ትሳፈራለህ ወይስ እዚሁ እንደ ጤፍ ተዘርተህ ትቀራለህ?» አለኝ። አልሳቅሁለትም።

ቁስቋም ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የእትዬ ዘርፌ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በግቢው ነጫጭ የለበሱ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ድምፅ የለም። የልደት ቤትም እንዲህ ነው፣ የለቅሶ ቤትም እንዲህ ነው። ነጠላቸውን እንዴት እንደ ለበሱት ልለይ ብሞክር ዓይኔ ውሃ ሞልቶ አልታየኝም። መግባት አቃተኝ። በሩ ላይ ዓሣዬን አንጠልጥዬ ቆምሁ።

ከጓዳ አንዲት ሴት ገበታ ይዛ ወጣች። ንፍሮ ከሆነ አለቀልኝ አልሁ። ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ነው። ሴትዮዋ ቀረበች፣ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ገንፎ ነበር። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የሞላው፣ የሚጨስ ገንፎ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። በሐዘን ቤት ማንም ገንፎ አያገነፋም።

እትዬ ዘርፌ አዩኝና መጡ። «ኧረ በማርያም! ይኼ ምን መልክ ነው? ዓሣ ይዘህ አራስ ቤት! ደግሞስ ወንድ መች ይገባል እዚህ፣ ክርስትና ሳትነሳ?»

«ሳትነሳ» ሲሉ ሴት መሆኗን አወቅሁ፤ ግን እሱን ለመስማት አልነበረም የመጣሁት። «እትዬ» አልኋቸው፣ «እኔ ስወለድ ሰባት እልል ተብሎልኝ ነበር። እናቴ ያን ቀን ነው የሞተችው። በስልክ እልልታ ብቻ ነው የሰማሁት።»

እትዬ ዘርፌ ዓሣውን ከእጄ ተቀበሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ የፊቴን ጭቃ ጠረጉ፣ ከዚያ በክንዴ ይዘው አስነሱኝና የጓዳውን መጋረጃ ገለጡልኝ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። «ዝም በሉ!» አሏቸው።

ጥሩወርቅ ገርጥታ፣ ፀጉሯ ተበትኖ ተኝታለች። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። ያቀፈቻትን ጥቅልል ልታሳየኝ ገለጠች፤ እኔ የማየው እሷን ነው።

«ስለ እኔ ማንም አልነገረህም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ማንም።»

«አራት ሰዓት ሙሉ?»

«ስድስት» አልሁ።

እጄን ያዘችና አለቀሰች፤ ከዚያ ስለ ጭቃዬ ሳቀች፤ እንደ ለመደችው በእጇ አፏን ሸፈነች። ኋላ እንደ ሰማሁት ሕጉ ሦስት ሲሆን፣ የደወለችው ጎረቤት ከደስታዋ ብዛት ቆጠራው ጠፍቶባት ነበር። የአያ ደሴና የወጥ ቤቷ ክርክር ሁሉ በከንቱ።

ቀረሶው በግቢው ማዶ ተጠበሰ። እትዬ ዘርፌ እሾሁን ራሳቸው ለቅመው አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልደናል፤ ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ዘርፌ መጀመሪያ ደጅ ወጥተው «ልጄ ደኅና ናት» ይሉኝና ነው ወደ እልልታው የሚሄዱት። ያች ቤት ከወጓ በፊት ለእኔ ስትል አንድ ቃል አስቀደመች። ሰው ፍርሃቱን ሲደብቅ ሞኝ መስሎ ይኖራል፤ ሲናገር ግን መጋረጃ የሚገልጥለት አያጣም። ይህን ለመማር ያን ሁሉ ጭቃ መጠጣት ነበረብኝ።

አሁን ቀረሶው ቀዝቅዟል። ለራሴ እሾህ እየለቀምሁ ግማሹን እንኳ አልጨረስሁም። ከሳህኑ አጠገብ ስልኩ ጮኸ። እጄ ዘይት ነበር፤ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

«ደኅና ናት» አለች ጥሩወርቅ። ሀሎ እንኳ አላለችም። «ሰማህ? ልጅህ ደኅና ናት። በዓይኔ አይቻት፣ ውሃ አጠጥቻት ነው የምደውልልህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

ከዚያ ስልኩን ወዲያ አደረገችና እልል አለች። ምግብ ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አልቆጠርሁም። የፈለገችውን ያህል ትበል ብዬ ዓይኔን ወደ ሐይቁ አድርጌ አዳመጥሁ፤ ይህን ጊዜ መስመሩ አልተቆረጠም። ስትጨርስ «በል ቶሎ ና፣ ናፍቀኸኛል» ብላ ዘጋችው።

አስተናጋጁ እየሳቀ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት አባባ! ምን ተወለደ?»

አፌን ከፈትሁ። ለካ አልጠየቅሁም።

«እናትየዋ ደኅና ናት» አልሁት።