በሚካኤል ዕለት የዋልኩበት

የያዙኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፤ በአቦ ዕለት፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ያልታረመ የፈተና ወረቀትና ተረት ቢጤ የምሞነጫጭርበት አንድ ደብተር ነው። ባጃጅ ላይ በሁለት ሰው መሐል አስቀምጠው ከሰቆጣ ዳር ወዳለ አሮጌ መጋዘን ወሰዱኝ። ድሮ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። እዚያ ሰው ሲያነባ ሐዘን ይሁን ሽታው አይለይም ነበር።

ብዙ ነበርን። ከግራና ከቀኜ የሚተኙት ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሌላው ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ሽማግሌ። ሽማግሌው በደጃቸው ያለፉ የታጠቁ ሰዎችን እንጀራ አብልተዋል ተብለው ነው። «ጠብመንጃ የያዘ ሰው ራበኝ ሲል ምን ይባላል?» ይሉ ነበር።

መርማሪው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ደብተሩ ነው።

«ይሄ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰውዬ ማነው?»

«የፈጠርኩት ነው።»

«ማንን ሊመልስ ነው? ያለፈውን ሥርዓት?»

«ወንድሙን። ወንዝ ወስዶበት።»

«የትኛው ወንዝ?»

«ተከዜ።»

ጻፈና አሰመረበት።

ተመልሼ ምን እንደጠየቁኝ ስነግራቸው ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ተረቱን ንገረን አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ስትገባ፣ አወራላቸው ነበር። የተረቱ ሰውዬ ከአንድ ደብተራ ያገኘው ክታብ አለው። ክታቡን ዘርግቶ ካነበበ ወዳለፈ ቀን ይመለሳል። ግን ሕግ አለው፤ በዚያ ቀን ከነበረበት ቦታ በቀር ሌላ ቦታ አይነቃም። ተከዜ ወንድሙን በወሰደበት ቀን እሱ ሰቆጣ ገበያ ነበር። ስለዚህ መቶ ጊዜ ቢመለስም የሚነቃው ገበያ መሐል ነው፤ ቢሮጥ ቢሮጥ አይደርስም።

ነጋዴው አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። «በቃ ወንዙ ዳር አንቃው እንጂ! ተረቱ ያንተ አይደል? ማን ይከስሃል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሸፍቶ ነበር። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አነሡ።

«የለም። ሰው በዋለበት ነው የዋለው። አስማትም ቢሆን ሕግ ካለው ይጠበቅ። ዛሬ ይህን ካፈረስህ፣ ነገ የምትነግረንን ማን ያምንሃል መምህር?»

ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ስለ ድርሰት አረሙኝ። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

የሚካኤል ዕለት ሽማግሌው ጠዋት ቁርሳቸውን አልነኩም። በየወሩ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ጠላ መጥመቅ፣ ዳቦ መድፋት፣ ማኅበርተኛውን ደጃፍ ቆሞ መቀበል የሚገባቸው ቀን ነው። «እኔን ሲጠብቁ ይውላሉ» አሉ። «በል ዛሬ ረዥም ንገረኝ።» ብርሃኑ ከግድግዳው እስኪወርድ ነገርኳቸው።

መዝገብ የተከፈተልን ቆይቶ ነው፤ በጊዮርጊስ። ከዚያ በፊት የታሰርንባቸው ቀናት ወረቀት ላይ የሉም። መርማሪው የተጻፈ ቃል አቀረበልኝ፤ በሚካኤል ዕለት ኒሯቅ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ ይላል። «እመንና በምክር ትወጣለህ» አለኝ። በዚያ ቀን ማንም አልመታኝም። ይህን የምለው ለእሱ አዝኜ ሳይሆን ለራሴ ማመካኛ እንዳይሆነኝ ነው። ቤቴ ናፈቀኝ፣ ፈረምኩ።

ወዲያው ሽማግሌውን ጠሯቸው። ስብሰባው ላይ መዋሌን ራሴ እዚያው መጋዘን ውስጥ እንደነገርኳቸው ሊመሰክሩ ነው። አውራ ጣታቸውን ገና ሳይነበብላቸው ቀለም ቀቡት።

«ይህን ካሳረፉ ነገ ቤትዎ ነዎት አባቴ።»

«አንብብልኝ።»

አነበበ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«በሚካኤል ዕለት? በሚካኤል ዕለት ይህ ልጅ እኔ ጎን ነበር። ማኅበሬ ያመለጠኝ ቀን እኮ ነው፣ እንዴት እረሳዋለሁ?»

«እርስዎ ምን አገባዎት? እሱ ራሱ ፈርሟል።»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ደክሞት ነው» አሉ ለመርማሪው፣ በቀስታ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አልቸኮሉም፤ አንዴ ጠርገው አዩት፣ ደግመው ጠረጉት።

«እኔ አልደከመኝም» አሉ።

በማግሥቱ እኔን ለቀቁኝ። እሳቸው ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ቆዩ። የሚያርስላቸው ጠፍቶ ማሳቸው በዚያ ዓመት ጦም አደረ። ይህን የሰማሁት ከነጋዴው ነው፤ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም።

አሁንም አስተምራለሁ። ሰው ያከብረኛል። ሠርግ ላይ «በጽሑፉ የታሰረ ነው» ብለው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡኛል። ለምን እንደታሰርኩ የማይጠይቀኝ የለም፤ እንዴት እንደተፈታሁ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደር ነው የደፈረሰው።

ሽማግሌው ያውቃሉ፤ ለማንም አልተናገሩም። በገበያ ቀን ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። «ደኅና ነህ ወይ መምህር?» ይሉኛል፣ ሰው ሁሉ እያየ። አንድ ቀን እዚያው ሰው መሐል ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ።